ስለ መሬት አስተዳደርና ጉቦን ስለ መከላከል፤ በመርካቶ ምሳሌ የተዘጋጀ ትምህርት

መሬት የሀብት ሁሉ መሠረት ነው። ገበሬው እህሉን፥ ነጋዴው ሱቁን፥ መንግሥትም ግብሩን የሚያገኘው ከመሬት ነው። አባቶች በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲሉ የተናገሩትም የሰው ልብ ከመሬቱ ጋራ እንዴት እንደ ተሳሰረ ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ መሬት እንዲያስተዳድር የተሾመ ሰው፥ በዞንም ይሁን በወረዳ፥ በክፍለ ከተማም ይሁን በቀበሌ፥ ከሌላው ሹም ይልቅ ብርቱ ፈተና ያለበት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በአንዲት ፊርማው የአንድን ቤተ ሰብ ኑሮ ለልጅ ልጅ ሊያቆም፥ ወይም ሊያፈርስ ይችላልና።

ብዙ ሰዎች ጉቦ የሚመጣው ከሹሙ ክፋት ብቻ ይመስላቸዋል። ስለዚህም ክፉውን ሽሮ ደጉን መሾም በቂ መድኃኒት ነው ይላሉ። ዳሩ ግን ደግ ተብሎ የተሾመው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ፊተኛው ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህም ከሰውየው ጠባይ ሌላ በአሠራሩ ውስጥ የተሸሸገ ምክንያት መኖሩን ያስረዳል። በመሬት ነገር ጉቦ የሚበረታው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። ይኸውም፥ በደብተር የተጻፈው ዋጋና በገበያ ያለው ዋጋ ሲራራቅ፥ መዝገቡ ሲጎድል ወይም ከሕዝብ ዓይን ሲሰወር፥ ጉዳዩም በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በዚያው ሰው እጅ ሲያልቅ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያላስተካከለ ሹም መቶ ጊዜ ቢመክርና ቢቀጣ ድካሙ ፍሬ አይሰጥም።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን በአዲስ አበባ ከተማ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ተመርጧል። የእርሻ ሥራ በሚመለከተው ጽሑፍ ስለ ከተማ ገበያ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከየክፍለ ሀገሩ የሚነሣው እህል በእህል በረንዳ፥ በርበሬውም በበርበሬ በረንዳ ይራገፋል። ነጋዴው ለሱቁ ቦታ በስውር የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ገበሬው በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ይቀነሳል፥ በላተኛው በሚገዛበት ላይ ይጨመራል። ከዚህም በላይ በመርካቶ በትልቁ የሚታየው ሕመም በየወረዳው ከተማ የገበያ ቦታ በትንሹ ይገኛል።

ስለ መርካቶ አመሠራረትና ስለ መሬቱ ሥሪት

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ የነበረው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዘ በኋላ፥ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የኢትዮጵያውያኑ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር አደረገ። ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያው ግን በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት በሆነው በመርካቶ ስም ጸና። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የወራሪው ሥርዓት ተሻረ፥ ገበያው ግን በተዛወረበት ቦታ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የከተማው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተደረገ ጥናት እንደሚያመለክተው፥ እያንዳንዳቸው ከ10,000 ካሬ ሜትር በላይ የያዙ 1,768 ባለርስቶች ብቻ ከከተማው መሬት 58 በመቶ የሚሆነውን ይዘው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገው። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የሊዝ አዋጆች፥ ይኸውም ቍጥር 80/1986፥ ቍጥር 272/1994 እና ቍጥር 721/2004፥ የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥበትን መንገድ ደነገጉ።

በነዚህ ዘመናት ሁሉ ሕጉ ሦስት ጊዜ መልኩን ለውጧል። ነገር ግን ሕግ በተለወጠ ቍጥር አሮጌው ይዞታ በአዲሱ መዝገብ ላይ በጥንቃቄ ካልተገለበጠ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የደላላና የጉቦኛ መግቢያ በር ይሆናል።

ስለ ሁለት ዋጋ

በመርካቶ አንድ ቦታ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። አንደኛው በመንግሥት ደብተር ላይ የቆየው ኪራይ ነው። ሁለተኛው ገበያው የሚሰጠው ዋጋ ነው። በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ በተደረገ የሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የሆነ ዋጋ ቀርቦ ነበር። በዚያው ገበያ ውስጥ ግን ኪራያቸው ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቆየ የቀበሌ ሱቆች ነበሩ።

የዚህን ልዩነት ጉልበት ለመረዳት አንድ ግምታዊ ሒሳብ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሱቅ በደብተር በወር 300 ብር ይከፈልበታል እንበል። ተከራዩ ለሦስተኛ ሰው በስውር በ20,000 ብር ቢያከራየው፥ በወር 19,700 ብር፥ በዓመትም 236,400 ብር ያለ ድካም ያገኛል። ከዚህ አሥረኛውን እጅ ብቻ ለሹሙ ዝምታ ቢከፍል 23,640 ብር ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት ስፍራ ስለ ሥነ ምግባር ብቻ ማስተማር፥ ማር በተከፈተበት ቤት ዝንብን በቃል እንደ መከልከል ነው። በመጀመሪያ ማሩ ሊከደን ይገባል፤ ይኸውም የመንግሥት ኪራይና የካሳ ተመን በየጊዜው ተጠንቶ፥ የድኻውንም መኖሪያ ቤት ከንግድ ቤት ለይቶ፥ ወደ እውነተኛው ዋጋ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ድኻን ለመርዳት ተብሎ የተቀነሰ ኪራይ ለድኻው ሳይሆን ለደላላው የሚሆን ከሆነ፥ ሕጉ የታሰበለትን አላደረገም።

ይኸው ነገር በገጠርም አለ። በከተማ ዳር ያለ የገበሬ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ፥ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 ካሳውን ያሰላ የነበረው ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር በማባዛት ነው። ያው መሬት ወደ ከተማ ከገባ በኋላ በሊዝ የሚያወጣው ዋጋ ግን ከዚህ እጅግ ይርቃል። የትኛው ገበሬ መጀመሪያ እንደሚነሣ፥ መሬቱም ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሹም በነዚህ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ቆሞ ነበር። ካሳው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 መሻሻሉ ልዩነቱን ቢያጠብበውም፥ የሹሙን ጥንቃቄ የሚያስቀር አይደለም።

ስለ መዝገብ

ሁለተኛው የጉቦ ምክንያት የመዝገብ ጉድለት ነው። መንግሥት የእርሱ የሆነውን ቦታ ብዛትና ወሰን በጽሑፍ ካላወቀ፥ ሌላው ሰው ወስዶ ቢያጥረው እንደ ተወሰደበት እንኳ አያውቅም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ባስታወቀው ጥናት፥ 1,338 ሄክታር መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ ተገኝቷል። ይህ በቀድሞው ስፍር፥ አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ተብሎ ቢታሰብ፥ ከ33 ጋሻ በላይ ነው። ይህን ያህል መሬት በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ቦታ ከቦታ፥ ፋይል ከፋይል፥ ማንም ሳይቈጥረው ሲሄድ የኖረ ነው።

መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መዝገቡ በመኪና ስለ ተጻፈ ብቻ እውነተኛ ይሆናል ማለት አይደለም። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ፥ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባው የተመዝጋቢዎች መረጃ የተዛባ መሆኑ ስለ ታወቀ በከተማው አስተዳደር ተሰርዟል። ዕጣው ስለ ቤት እንጂ ስለ ባዶ ቦታ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ማን እንደ ጻፈ፥ መቼ እንደ ጻፈ፥ ማንስ እንደ መረመረ የማያስታውቅ መዝገብ፥ በብራናም ቢሆን በኮምፒዩተር፥ የጻፊው ፈቃድ እንጂ የመንግሥት ማስረጃ አይደለም።

ከክፉ አስተዳደር ስለሚመጣው ጉዳት

የመሬት ጉቦ ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይለካም። ለመንገድ የተተወው ቦታ በፈቃድ ስም ወይም በዝምታ ሲታጠር፥ ገበያው መተንፈሻ ያጣል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ ታላቅ የእሳት አደጋ ደርሶ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት ጠፍቷል። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ መጣበብ እሳቱን ለሚያጠፉት ሠራተኞች እንቅፋት መሆኑ በዚያን ጊዜ ተነግሯል። የእሳቱን መነሻ ከዚህ ጉዳይ ጋራ ማያያዝ አይገባም። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሹም በግዛቱ ባለው ገበያ የውሃ መኪና የሚያልፍበት መንገድ መኖሩን፥ በፕላኑም ላይ መንገድ ተብሎ የተጻፈው በምድሩ ላይ መንገድ ሆኖ መገኘቱን ዛሬውኑ ዞሮ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ጉዳት የሕዝብ እምነት መጥፋት ነው። ሰው በሕጋዊ መንገድ ሄዶ ዓመት ሲጉላላ፥ ጎረቤቱ ግን በደላላ ሄዶ በሳምንት ሲፈጸምለት ካየ፥ ሁለተኛ በሕጋዊው መንገድ አይሄድም። እንዲህ ሲሆን ጉቦ የጥቂቶች ነውር መሆኑ ቀርቶ የሁሉ ልማድ ይሆናል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ክፉ ተረትም የሚጠነክረው በዚህ ነው። ሹሙ ቢበላ ሕዝቡ የሚጠብቀው ነገር እየሆነ፥ ባይበላ ግን እንደ ሞኝ የሚቈጠርበት አገር፥ ለቅን ሹም እጅግ ከባድ ነው።

ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባው

ከዚህ በላይ የተነገረውን ክፉ ነገር ለመከላከል የሚረዱ ሰባት የአሠራር መንገዶች ከዚህ ቀጥሎ ተጽፈዋል።

አንደኛ፤ መዝገቡን መሙላትና ለሕዝብ መግለጥ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ሲመዘገብ፥ ሥራው የተሠራው ነዋሪው በመረጣቸው የቀበሌ ኮሚቴዎች፥ አዋሳኞችም ባሉበት ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፍ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ወጪ ለአንድ ማሳ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙ ያልበለጠ ሲሆን፥ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በመሬታቸው ላይ እርከን ለመሥራት ይልቅ እንደ ተጉ አሳይተዋል። ሩዋንዳም ከ2001 እስከ 2005 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን ወሰናቸውን ለይታ መዝግባለች። ለከተማም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 818 ይዞታን አረጋግጦ መመዝገብን ደንግጓል። የነዚህ ሁሉ ምሥጢር አንድ ነው፤ መዝገቡ በጎረቤት ፊት ተጻፈ፥ ከመጽደቁም በፊት ሕዝብ አየው። በጎረቤት ፊት የተነገረን ወሰን ማዛባት በተዘጋ ክፍል ከተጻፈው ይልቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፤ መዛግብትን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ነው። በየገበያው ቢያንስ ሦስት መዛግብት ይገኛሉ፤ የቦታው ወይም የኪራዩ መዝገብ፥ የግብር ደረሰኝ፥ የንግድ ፈቃድ። ሹሙ በየሦስት ወሩ ሃያ ሱቆችን በዕጣ አውጥቶ በሦስቱም መዛግብት የተጻፈውን ስም ያስተያይ። በኪራይ መዝገብ አንድ ሰው፥ በንግድ ፈቃድ ሌላ ሰው ተጽፎ ከተገኘ፥ ቤቱ በስውር ለሦስተኛ ሰው መተላለፉን ያመለክታልና ምክንያቱ ይጠየቅ። ይህ ምርመራ ገንዘብም ብዙ ሠራተኛም አይፈልግም።

ሦስተኛ፤ ሥራውን በተለያየ እጅ መክፈል ነው። ቦታውን የሚለካ፥ ዋጋውን የሚተምን፥ ውሳኔውን የሚፈርም፥ ገንዘቡን የሚቀበል አንድ ሰው ሊሆን አይገባም። ሠራተኛ ቢያንስም እንኳ የሚለካውና የሚፈርመው መለየት አለባቸው። ለካሁ የሚለውም ለክቶ የተመለሰበትን ቀንና የአዋሳኞቹን ስም ከነፊርማቸው በፋይሉ ያኑር።

አራተኛ፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቀን መቍረጥ ነው። ጉቦ ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አብዛኛው የማይገባውን ለማግኘት ሳይሆን የሚገባውን ሳይዘገይ ለማግኘት ነው። ስለዚህ የስም ዝውውር በስንት ቀን፥ የካርታ ግልባጭ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፥ የሚከፈለውም ምን ያህል እንደ ሆነ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በትልቅ ጽሕፈት ይለጠፍ። ማመልከቻዎችም በመጡበት ተራ ቍጥር ይታዩ። ከተራው የቀደመ ጉዳይ ቢኖር ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ።

አምስተኛ፤ ፋይልን መጠበቅ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ተራ ቍጥር ይሰጣቸው። ሹም ሲዛወር ወይም ሲሻር ፋይሉንና ማኅተሙን በቍጥር አስረክቦ ይሂድ። ብዙ የመሬት ክርክር የሚጀመረው ፋይሉ ጠፋ በተባለበት ቀን ነው። ፋይል የጠፋበት ሠራተኛ ያለ ጥያቄ ቢታለፍ፥ በሚመጣው ዓመት የሚጠፋው ፋይል ይበዛል።

ስድስተኛ፤ ከዘመድና ከራስ ጥቅም መራቅ ነው። ሹም በራሱ፥ በሚስቱ ወይም በቅርብ ዘመዱ ጉዳይ አይፈርምም፤ ለሌላ አስተላልፎ ይወጣል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 668 ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዟል። ይህን ግዴታ እንደ ውርደት የሚያይ አለ። ሆኖም ቅን ሹም በሐሰት ሲከሰስ ራሱን የሚያድንበት ዋና ማስረጃ ሲሾም ያስመዘገበው ሀብቱ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ጋሻው ነው።

ሰባተኛ፤ ለተበደለ ሰው የአቤቱታ መንገድ መክፈት ነው። አቤቱታውን የሚሰማው የተከሰሰው ሹም ራሱ ከሆነ፥ አቤቱታ ተሰማ ሊባል አይችልም። አቤቱታው በበላይ አካል ይታይ፤ የወንጀል ምልክት ያለበት ነገርም ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፍ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፥ የሙስና ወንጀሎችም በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 881 ተዘርዝረዋል። ሹማምንት ይህን አዋጅ ቅጣቱን ለመፍራት ብቻ ሳይሆን፥ የትኛው ሥራ ወንጀል እንደ ሆነ ለይተው ለማወቅ ሊያነቡት ይገባል። እጅ መንሻ ነው፥ የወዳጅ ስጦታ ነው ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ነገር በሕግ ዓይን መማለጃ ነውና።

ባለይዞታዎች ሊያደርጉት ስለሚገባው

ጉቦ ያለ ሰጪ አይቆምም። ስለዚህ መሬት ወይም ሱቅ የያዘ ሰውም የራሱ ድርሻ አለበት። ወሰኑን ከአዋሳኞቹ ጋራ በሰላም ለይቶ ያስመዝግብ። የከፈለውን ኪራይና ግብር ደረሰኝ እየጠበቀ ለልጆቹ ያቆይ። ስለ ራሱ ይዞታ በመዝገብ የተጻፈውን ሄዶ ያንብብ እንጂ ደላላ የነገረውን አይመን። ከሁሉ በላይ በስውር የገዛው ቦታ ርካሽ መስሎ ቢታየው፥ በሕግ የማይጸና ስለ ሆነ አንድ ቀን ከነሕንፃው ሊያጣው እንደሚችል ያስብ። በዚያን ቀን ገንዘቡን የተቀበለው ሹም ተዛውሯል፥ ደላላውም አይገኝም፥ ዕዳው ግን በእርሱ ላይ ይቀራል።

ነጋዴዎችም በአንድነት ሲቆሙ ብርታት ያገኛሉ። በመርካቶ አያሌ ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር ተሰባስበው የቀድሞውን ሱቅ በፎቅ ተክተዋል። እያንዳንዱ ለብቻው በየቢሮው ደጅ ከሚጠና፥ ማኅበሩ በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ቢያገኝ፥ ለጉቦ የሚቀረው ስፍራ ያንሳል።

የትምህርቱ ማጠቃለያ

እንግዲህ የመሬት ሹም ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ። በግዛቴ ውስጥ የደብተሩ ዋጋና የገበያው ዋጋ እጅግ የተራራቀበት ቦታ የት ነው? መዝገቡ የጎደለበትስ ወይም ሕዝብ የማያየው የትኛው ነው? በአንድ ሰው እጅ ብቻ ተጀምሮ የሚያልቀው ጉዳይ ምንድን ነው? የሦስቱ መልስ በአንድ ስፍራ ከተገናኘ፥ በዚያ ጉቦ መኖሩን ማንም ሳይነግረው ሊያውቅ ይችላል፤ ሥራውንም ከዚያ ይጀምር።

ሹመት ያልፋል፤ የተጻፈ መዝገብ ግን ይኖራል። ቅን ሹም በተሾመበት ወረዳ ትቶት ከሚሄደው መልካም ሥራ ሁሉ የሚበልጠው፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ቢከፋ እንኳ በቀላሉ ሊያበላሸው የማይችል፥ በሕዝብ ፊት የተጻፈ የመሬት መዝገብ ነው።